እማ፣ መኪናሽ ደህና ናት

እማ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ፤ ሙቀቱ ነው እንጂ። ይኼን የወንድሜ ልጅ ታነብልሻለች። ሳትዘል ታንብብልሽ፣ አውቃታለሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ ገና ሳልጀምር «ካርድሽ እንዳያልቅ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ።

በቅድሚያ የስፌት መኪናሽን ነገር። ደህና ናት። ዘይት ጠብ አድርጌላታለሁ፣ የላላ ቀበቶዋንም ቀይሬያለሁ። በእግር ስለምትሄድ መብራት ቢጠፋም አልቆምም፤ ጎረቤቶቼ ይቀኑብኛል። መርፌ ግን ሰብሬያለሁ። አንድ አይደለም፣ ሦስት። «ጨርቁን አትጎትቺው፣ ጥርሶቿ ራሳቸው ይወስዱታል» ትይኝ የነበረው አሁን ነው የገባኝ። ስጎትተው መርፌው ይጎብጥና ብረቱን ይመታል፣ ቀጭ!

ወሬው ይኼ ነው፦ ቀሚስ ሰፋሁ። ለራሴ።

ደሴ ያለ ሰው ለምን እንዳስፈለገኝ አይገባውም። እዚህ ኮምቦልቻ ድረስ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ስትጨርሺ ግን ሌላ አገር ነው። እናንተ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ጋቢ ተከናንባችሁ ትቀመጣላችሁ። እኛ 1,850 ገደማ ላይ ነን፣ ግንቦት ሲገባ እንቀቀላለን። እኔ ደግሞ ከደሴ ይዤው የመጣሁት ልብስ ሁሉ ወፍራም ነው። ወፍራም ብቻ አይደለም፣ ሰፊ ነው።

እማ፣ አትቆጪኝ እንጂ፣ ልብሴ ሁሌም ሰፊ ነበር። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን «ታድጊበታለሽ» ብለሽ ሦስት ጣት አትርፈሽ ነበር የምትሰፊው። ለበዓልም ታድጊበታለሽ። እኔ ሳድግበት ቀሚሱ ያልቃል፣ ከዚያ ሌላ ሰፊ ይመጣል። አልፈርድብሽም፤ ጨርቁ ውድ ነበር፣ እኛም ብዙ ነበርን። ልማዱ ግን አልለቀቀኝም። በራሴ ደሞዝ ስገዛም ሰፊ ነው የማነሣው። ይኼው 38 ዓመቴ ነው፣ ማደጉንም ትቻለሁ። ወደ ጎን ካልሆነ።

ጨርቁን ገበያ ላይ አገኘሁት። ሰማያዊ ነው፣ ነጭ ጥቃቅን አበባ ያለው። ሻጩ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ብሎ ማለልኝ። እኔ ግን የአንቺ ልጅ ነኝ፣ አንድ ክር መዝዤ ክብሪት ለኮስኩበት። ቀልጦ ጠጠር ቢሠራ ትቼው እሄድ ነበር። እንደ ወረቀት ነደደና አመድ ሆነ፣ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ነው። ሻጩ ሳቀ፣ ዋጋውን ግን አልቀነሰም። አምስት ሜትር ገዛሁ። ቤት ገብቼ ሳልቆርጠው አጥቤ አሰጣሁት፤ ወደ 15 ሳንቲም አጠረ። ሳላጥበው ሰፍቼው ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው እጥበት ጉልበቴ ላይ ይወጣ ነበር።

ከዚያ ልኬት። እማ፣ እዚህ ላይ ነው ጉዱ።

በሩን ዘጋሁ፣ ሜትርሽን ወገቤ ላይ ጠመጠምኩ። ማንም አያየኝም፤ እኔ ግን ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ፣ ትንፋሼን ይዤ ቆሜያለሁ! 94 አለኝ። ጻፍኩት። ስተነፍስ 100 ገባ። እሱን አልጻፍኩትም። መጀመሪያ በአሮጌ አንሶላ ልሞክር ብዬ በ94 ቆርጬ ሰፋሁ። ቆሜ ስለብሰው ልክ ነው። ቡና ልጠጣ በርጩማ ላይ ስቀመጥ ጎኑ ተተረተረ። የተሳቀብኝን ሳቅ ተይው፣ ቡና አጣጬ እስከ በረካ ድረስ አላቆመችም።

በማግስቱ ትንፋሼን ለቅቄ ለካሁ። 100። ከሜትርሽ መነሻ ጫፍ 2 ሳንቲም እንደጎደለ ትዝ አለኝ፣ ቀነስኩ፣ 98። ለመቀመጫ 4 ሳንቲም ጨመርኩ። ለማደጊያ ምንም አልጨመርኩም።

ድርና ማጉን አይቼ ቆረጥኩ፤ ድሩ ከላይ ወደ ታች። እጅጌው ክንድ ላይ ያልቃል። አዎ፣ ያ ስፈራው የኖርኩት ወፍራም ክንዴ ይታያል። አንገቱን ሁለት ጊዜ ፈታሁት፣ አሁንም ወደ ግራ ትንሽ ዞር ብሏል፤ ከእኔና ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ከወገቡ በታች ሽንሽን አደረግሁለት፣ በሁለቱም በኩል ኪስ አስገባሁ። ያንቺ ቀሚሶች ኪስ አልነበራቸውም እኮ! ብርሽን መቀነትሽ ላይ ቋጥረሽ ኖርሽ።

ዓርብ ዕለት ለብሼው ሥራ ገባሁ። እንደ ልማዴ ሹራብ ይዤ ወጥቼ ነበር፣ መጋረድ ካማረኝ ብዬ። ማታ ስመለስ ሹራቡ በቦርሳዬ ውስጥ እንደታጠፈ ነው። ቀኑን ሙሉ ልብሴን አልጎተትኩም፣ አላስተካከልኩም። እጄን ኪሴ ከትቼ በባጃጆቹ መሃል ስሄድ እንኳን ልብሱ፣ ክንዴም ትዝ አላለኝም። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ «ማን ሰፋልሽ?» አለችኝ። «እናቴ» አልኳት። ግማሽ ውሸት ነው።

አሁን ለአንቺ። ባለፈው ስመጣ ዓይቼሻለሁ። መቀነትሽ ድሮ ከሚዞረው አንድ ዙር ጨምሮ ይዞራል፣ የቀሚስሽ ትከሻም ክንድሽ ላይ ወርዷል። አልተናገርኩም፤ ብናገር «ደህና ነኝ» ትይኛለሽ። ከጨርቁ ሁለት ሜትር ቀርቶኛል፣ ከዚያው ጨምሬ እገዛለሁ። ለደሴ ብርድ እጅጌው ረጅም ይሆናል፣ ገበርም አስገባበታለሁ። ኪስ ግን የግድ ነው።

ልጅቷ በሲባጎ ትለካሽ። አንዱ ቋጠሮ ለደረት፣ ሁለተኛው ለወገብ፣ ሦስተኛው ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት። ሁሉም ከአንድ ጫፍ ይጀመር። ሲባጎውን ይኼን ደብዳቤ ላመጣው የሚኒባስ ሾፌር ስጡልኝ፣ ቅዳሜ ይወርዳል።

ስትለኪ ደግሞ ትንፋሽሽን እንዳትይዢ።

ልጅሽ
ኮምቦልቻ