ደብዳቤ ለልጄ፦ መልቀቂያውን ከመጻፍሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የደሴ ብርድ ብቻ ጠንክሯል፤ እናትሽ ጋቢዋን ከደረበች ሰነበተች።

ባለፈው በስልክ ያወራሻትን ነግራኛለች። አትቀየሚያት፣ ብቻዋን መያዝ ከብዷት ነው። እሑድ ማታ ሲሆን ሆድሽ እንደሚረበሽ፣ በእንቅልፍ ልብሽ ብር ስትቆጥሪ እንደምታድሪ፣ ኮምቦልቻ ባንኩ ውስጥ ደንበኛው መስኮትሽ ጋ ሲቆም ገና አፉን ሳይከፍት እንደሚያስጠላሽ ሰማሁ። ከሁሉም ያመመኝ ግን «እኔ ድሮም ለሥራ አልሆንም» ማለትሽ ነው። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ፤ በስልክ ብነግርሽ «እሺ አባ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ።

አብሽሪ ልጄ። ዝለሻል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ የሥራ መዛል (በርንአውት) በ2011 ዓ.ም. በበሽታዎች ምደባው ውስጥ ሲያብራራው፣ በሥራ ቦታ ከርሞ መላ ካላገኘ ጫና የሚመጣ ነው ብሎ ጻፈ፤ ራሱን የቻለ በሽታም አላለውም። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው ልብ መሸሽ፣ «የምሠራው አይረባም» የሚል ስሜት። ለእናትሽ ሦስቱንም ነው የነገርሻት። ስለዚህ «ለሥራ አልሆንም» የሚለውን የሚናገረው ድካምሽ ነው። የሥራ ቅጥር ደብዳቤሽ የመጣ ቀን ቤታችን ውስጥ የነበረችውን ልጅ እኔ አውቃታለሁ።

«ለቀሽ ለምን አትገላገይም?» የሚሉሽ አሉ አሉ። በ2014 ጦርነቱ የኮምቦልቻን ፋብሪካና መጋዘን እንዴት አራቁቶ እንደሄደ፣ ከዚያ ወዲህም አንድ ማስታወቂያ ሲወጣ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ አይተሻል። በዚያ ላይ የቤቱ ብድር አለ። በሠራተኛ ወለድ የተበደርሽው ገንዘብ፣ ከባንኩ በወጣሽ ጊዜ በደንበኛ ወለድ ይሰላል፤ የወሩ ክፍያ ያኔ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ አስልተሽ ነው የቆየሽው፣ ስሌትሽም ልክ ነው።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በፋብሪካ የሰው ኃይል ቢሮ ነው። ከሌሊት ፈረቃ ወጥተው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው የሄዱ ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው እንቅልፍ ጠግበው «ጋሼ፣ ያቺን ወረቀት መልሱልኝ» እያሉ የመጡም ነበሩ፤ ቦታው ግን ተይዟል። የመልቀቅ መብትሽ የትም አይሄድም፤ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተሽ በፈለግሽ ጊዜ መውጣት ትችያለሽ። ውሳኔውን ግን ያረፈችው ልጄ ትወስን፣ ይቺ የደከመችው አትወስን።

ስለዚህ መጀመሪያ የዓመት ፈቃድሽን ውሰጂ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሥራ ሳትለቂ ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥ አይቻልም፣ የተላለፈ ፈቃድም ከሁለት ዓመት በላይ አይራዘምም። ባንኩና የሠራተኛ ማኅበራችሁ የተፈራረሙትን የኅብረት ስምምነትም አንብቢ፣ ከአዋጁ የተሻለ ሊሰጥሽ ይችላል። ስትጠይቂ ምን እንደሚሉሽ አውቃለሁ፤ «ሰኔ ይለፍ»፣ ሰኔ ሲያልፍ ደግሞ «አዲሱ ታርጌት ይውረድ»፤ ያ «ይህን ያህል ሂሳብ አስከፍቺ፣ ይህን ያህል ተቀማጭ አምጪ» የሚሉሽ ኮታ። በቃል አትጠይቂ። ቀን ጠቅሰሽ በጽሑፍ አስገቢ፣ ቅጂውን አስፈርመሽ ያዢ። በቃል የተጠየቀ ፈቃድ ሲረሳ፣ በወረቀት የተጠየቀው ግን መልስ ሲያገኝ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

የሥራ ሰዓትም በሕግ ተወስኗል፤ በቀን 8፣ በሳምንት 48። ትርፍ ሰዓት ቢያስፈልግ እንኳ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፣ ይከፈልበታልም። ካሽ አልመጣጠን ብሎ ያመሸሽበትን ቀን ሁሉ መዝግቢ። ያ የቅርንጫፉ የቴሌግራም ግሩፕ ደግሞ ማታ ማታ ድምፁ ይጥፋ።

ስለ ታርጌቱ ትንሽ ልቆይ፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። አጎትሽ ልጁን የዳረ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞርሽ «ሂሳብ ክፈቱልኝ» ስትይ አይቼሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰርግም ለቅሶም መቅረት ጀመርሽ። ሰው ጠልተሽ አይደለም፤ ባየሽው ቁጥር መጠየቅ ስላለብሽ ነው። ወሎ ሲደክመው የሚያርፈው ሰው መካከል ነው፤ ቡናው ተፈልቶ፣ ጀባ ተባብሎ፣ ተመራርቆ። እሱን ከወሰዱብሽ በምን ትጠገኚያለሽ? ከዛሬ ጀምሮ ዘመድ ቤት ስትመጪ የባንክ ሠራተኛነትሽን ኮምቦልቻ አስቀምጠሽ ነይ። ዘመድ ሂሳብ መክፈት ከፈለገ ቅርንጫፉን ያውቀዋል። ገበያ ሲቀዘቅዝ የተቀማጩ ማነስ የአንቺ ጥፋት እንዳልሆነም ሥራ አስኪያጅሽ ራሱ ያውቃል።

ባንኩን ሳትለቂ ሥራሽን መቀየር እንደምትችይስ አስበሻል? ከመስኮት ወደ ብድር ክፍል፣ ወይም ወደ ደሴ ቅርንጫፍ ብትዛወሪ ብድሩ ባለበት ይቀጥላል። ብድር ክፍል ከገባሽ የካሽ ጉድለት ፍርሃቱም ይቀርልሻል፤ እኔ እንደማየው ከሁሉ የሚያዝልሽ እሱ ነው። የዝውውር ማመልከቻሽን ከእረፍት ስትመለሽ እንጽፈዋለን፣ አብሬሽ እቀመጣለሁ። ሌላ ቦታ ማስታወቂያ ማየትም አታቁሚ፤ ቀስ ብለሽ፣ ሳትጣደፊ።

አርፈሽም እንቅልፉ ካልተመለሰ፣ ወይም መኖር ራሱ የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳታሳድሪ ንገሪን። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ፣ እኔው ይዤሽ እሄዳለሁ። ሐኪም ከጻፈልሽ የሕመም ፈቃድ አለሽ፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ነው። ጎረቤት ምን ይላል ብለሽ አትጨነቂ፣ ለጎረቤት መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ለወንድምሽ ኮሌጅ የምትልኪውን ከዚህ ወር ጀምሮ አትላኪ። ከእናትሽ ጋር ተመካክረን ሰርቪሱን አከራይተነዋል፣ ከጡረታዬ ጋር ይበቃዋል። እሱም ነግረነው ተስማምቷል። ትርፍ ያለ መስሎሽ ተመልሰሽ ብትልኪ አልቀበልም። ያንን ብር ለራስሽ አስቀምጪው፤ የጥቂት ወር ስንቅ በእጅሽ ሲኖር «እለቃለሁ» የማለት አቅሙም ይመጣል።

ፈቃዱ የጸደቀ ዕለት ቀኑን ላኪልኝ። አክስትሽ ሐይቅ ከተማ ክፍል አዘጋጅታ እየጠበቀችሽ ነው፣ መምጫሽን እኔ እነግራታለሁ።

አባትሽ
ከደሴ