«ያው ነው» ተብሎ ስለተሰጠን የፓርኪንሰን መድኃኒት

የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ኤልያስ፣ ምሥራቅ ጎጃም

ለመድኃኒት ቤቱ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ መጠኑ የተለየ መድኃኒት ያለ ማብራሪያ ስለተሰጠን እና መድኃኒቱ ሲያልቅ ስላልተነገረን ቅሬታ ስለማቅረብ

ከሁለት ዓመት በላይ ደንበኛችሁ ነን። የአባቴን የፓርኪንሰን መድኃኒት በየወሩ የምወስደው ከእናንተ ነው። አስቀድሜ ቅር ያላሰኘኝን ልናገር፤ መድኃኒቱ ከገበያ በመጥፋቱ እናንተን አልወቅስም። ክኒኑ ከውጭ የሚገባ መሆኑን፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላር እንዴት እንደወጣ፣ መንገድ ሲዘጋም ዕቃ ባለበት እንደሚቀር አውቃለሁ። እኔ ራሴ ማርቆስ ለመድረስ መንገዱ እስኪከፈት ስንት ቀን ጠብቄ እንደምነሳ ሰፈሩ ያውቃል። ቅሬታዬ ሌላ ነው።

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል። በሽታው መጀመሪያ የያዘው ቀኝ እጃቸውን ነበር። ቀጥሎ ጽሕፈታቸው እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ የጤፍ ፍሬ አከለ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። ለሌላ ሰው የድምፅ መውረድ ያን ያህል ላይከብድ ይችላል፤ ቅኔ ዘርፎ ለሚያስቀጽል ሰው ግን ድምፁ እንጀራው ነው። ባሕር ዳር ያየናቸው የነርቭ ሐኪም 250 ሚሊግራም ሌቮዶፓ ከ25 ሚሊግራም ካርቢዶፓ ጋር ያለበትን፣ 250/25 የተባለውን ክኒን አዘዙላቸው፤ ግማሽ ግማሽ ፍሬ በቀን አራት ጊዜ፣ ጠዋት 12፣ 4፣ 8 እና ማታ 12 ሰዓት። መድኃኒቱ በሽታውን አያድንም። አንጎላቸው በበቂ መሥራት ያቃተውን ዶፓሚን ስለሚተካ ግን፣ ሰዓቱ ካለፈ ወዲያው ያስታውቃል። ክኒኑ በሠራ ጊዜ ቆመው ያስተምራሉ፤ ሲያልቅ ደጃፍ ላይ መሬት እግራቸውን የያዘው ይመስል ቀጥ ብለው ይቀራሉ።

ከቤታችሁ መልካም ነገርም አይተናል። የመጀመሪያውን ጊዜ አንዲት ፋርማሲስት አስቀምጣን፣ ክኒኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ እንዲወሰድ፣ ሥጋውና እንቁላሉ ከመድኃኒቱ ጋር እንደሚሻማ አስረድታ፣ ሳጥኑ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋልን ነበር። አሁን እዚያ እንደማትሠራ ሰምቻለሁ። ያሳዝናል።

ጥር 5 ቀን የወሩን ልወስድ ስመጣ፣ መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ «የተለመደው የለም፣ ይህን ውሰጂ» አለኝ። ሳጥኑ ሌላ ነው፤ ስሙ ግን ያንኑ ሌቮዶፓ ካርቢዶፓ ይላል። «ልዩነት አለው ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ያው ነው» አለኝ። ማዘዣውን እንኳ አላየውም፤ በእጄ ይዤው ነበር። 60 ፍሬ ቆጥሮ ሰጠኝ፣ ከፍዬ ወጣሁ።

ያው አልነበረም። የሰጠን 100/25 ነው። እኛ በለመድነው ግማሽ ግማሽ ቀጠልን። በአንድ ጊዜ 125 ሚሊግራም ሌቮዶፓ ያገኙ የነበሩት አባቴ 50 ብቻ ማግኘት ጀመሩ፤ በቀን 500 የነበረው 200 ሆነ። ዋጋው ግን ለ60 ፍሬ ከበፊቱ ጋር እኩል ነበር። ያው የሆነው እሱ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቀን አልጋ ላይ መገላበጥ አቃታቸው። በሦስተኛው ምራቃቸውን መዋጥ ከበዳቸው። በሽታው የባሰባቸው መሰለን፤ እናቴ ጠበል ይሂዱ አለች፣ ጎረቤት ደግሞ ባቄላ አብሉዋቸው አለ። (ባቄላ ውስጥ ሌቮዶፓ መኖሩ እውነት ነው፤ ግን ስንት እፍኝ ስንት ሚሊግራም እንደሚሆን ማን መዝኖ ይሰጣል?) ለጥምቀት በየዓመቱ መቋሚያቸውን ይዘው ከካህናቱ ፊት የሚቆሙ ሰው፣ ጥር 11 ቀን ታቦቱ ሲመለስ ግድግዳ ተደግፈው በመስኮት አዩ። ተማሪዎቹ ጆሯቸውን አፋቸው ድረስ አስጠግተው ነበር የሚሰሟቸው።

ነገሩ የተገለጠው በማግስቱ ነው። ለበዓል የመጣ ነርስ ዘመዳችን ሳጥኑን አንስቶ አገላብጦ አየና «ይህን በግማሽ ነው የምትሰጧቸው?» አለ። ወዲያው ሐኪሙ ጋ ደወልን። በቀን አምስት ሙሉ ፍሬ እንዲወስዱ አዘዙ፣ ድምሩ ያው የድሮው 500 እንዲሆን። ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ወይም በአንዴ በብዙ ሲቀነስ ኃይለኛ ትኩሳት፣ የሰውነት መገተርና መቃዠት አምጥቶ ሕይወት እስከ ማጥፋት ሊደርስ እንደሚችልም የነገሩን ያን ጊዜ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ሳናውቀው ያደረግነው ይህንኑ ነበር።

የሆነውን ለአባቴ ስነግራቸው አልተቆጡም። በዚያች በቀጠነች ድምፅ «ሠረቀና ሰረቀም ለጆሮ ያው ናቸው» አሉ። በግእዝ አንዱ ፀሐይ ወጣች ነው፤ ሌላው ሌባው ሰረቀ ነው። እሳቸው ቤት አንዲት ፊደል ያሳሳተ ተማሪ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

የሁለተኛው ቅሬታዬ መነሻም ያው ሳጥን ነው። የወር ብዬ የገዛሁት 60 ፍሬ በትክክለኛው መጠን የ12 ቀን ብቻ ነው። 12ቱ በከንቱ አልቆ ስለነበር 48 ቀረን፤ ይህም አሥር ቀን አይሞላም። ጥር 19 ቀን መጣሁ፤ «አልቋል፣ ዓርብ ይገባል» ተባልኩ። ዓርብ መጣሁ፤ «ለሰኞ» ተባልኩ። ስልካችን በመዝገባችሁ ላይ አለ፤ ማንም አልደወለም። ወደ ማለቁ መቃረቡን ማወቅ ከእናንተ በላይ የሚቀርበው ሰው የለም፤ ክምችቱ በእጃችሁ ነው። ከአሥር ቀን በፊት ብሰማ ሐኪሙ ቀስ ብለው የሚቀንሱበትን ወይም ሌላ የሚተኩበትን መንገድ ያበጁ ነበር። በማርቆስ ያሉትን ፋርማሲዎች አንድ በአንድ ዞርኩ። በመጨረሻ ዓባይን የሚሻገር አንድ ሹፌር ከአዲስ አበባ 60 ፍሬ 100/25 አመጣልን፤ ከጥር 22 ጀምሮ በሐኪሙ ፈቃድ በቀን ወደ አራት ዝቅ አደረግን።

በነነዌ ጾም አልጋቸውን ሳነጥፍ ትራሳቸው ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ሰባት ክኒን። የማታውን እየዋጡ መስለው ለማስተማሪያ ሰዓታቸው ያስቀምጡ ኖሯል። ተቆጣኋቸው። በኋላ ግን እንዲያ ያደረጉት «ሰኞ ይገባል» ስለተባልን መሆኑን አሰብኩት፤ ሰኞው እንደማይመጣ ከእኔ ቀድመው ገብቷቸዋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ጥር 5 ቀን ማዘዣ ሳያይ መጠን የቀየረው ሠራተኛ ማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ስሙን አልፈልገውም፤ የምፈልገው የተፈጠረው ስሕተት በጽሑፍ እንዲታመንና ከእንግዲህ መጠኑ የተለየ ክኒን ሲሰጥ ሳጥኑ ላይ በአማርኛ «መጠኑ ተለውጧል፣ ሐኪምዎን ሳያማክሩ በድሮው ልክ አይውሰዱ» ተብሎ እንዲጻፍበት ነው። በ15,000 ሚሊግራም ዋጋ 6,000 ስለሸጣችሁልኝ ልዩነቱ ይመለስልኝ፤ ደረሰኙ አለኝ። ይህን መድኃኒት በየወሩ የሚወስዱ ሰዎች በመዝገባችሁ ላይ ብዙ አይሆኑም ብዬ እገምታለሁ፤ ክምችቱ ከሁለት ሳምንት በታች ሲሆን ለእያንዳንዳቸው መደወል የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የሌለውን ደግሞ የለም በሉን። «የለም» ከተባልኩ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ፤ «ሰኞ» ከተባልኩ እጠብቃለሁ።

የማዘዣውን፣ የሁለቱን ሳጥኖችና የደረሰኙን ፎቶ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ይህንኑ ደብዳቤ ለሚመለከተው ተቆጣጣሪ አካል አቀርባለሁ።

የሹፌሩ ክኒን ትናንት ማታ አለቀ። የቀሩት እነዚያ ከትራስ ሥር ያገኘኋቸው ሰባቱ ነበሩ፤ ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት አንዱን ስለወሰዱ አሁን 6 ነው።

ከሰላምታ ጋር
የታካሚው ልጅ