ለኦ ክፍል የሚመደበው ገንዘብ ከግድግዳው አልፎ መምህሯ ጋ ይድረስ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን በዚሁ ዓምድ አንድ ጸሐፊ የሰጡትን አስተያየት አነበብኩ። ልጅ ቁጣውን እንዲገዛ፣ ተራውን እንዲጠብቅ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር እንዲግባባ ማስተማር የእናትና የአባት ፋንታ ነው፣ የመንግሥት በጀት ለፊደልና ለቁጥር ይዋል ባይ ናቸው። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የኦ ክፍል፣ ማለትም ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ክፍል፣ መምህርት ነኝ። ጸሐፊው ይህን ያሉት ለልጆቹ በማሰብ መሆኑ ይገባኛል። ነገር ግን መስከረም ላይ አንድ ቀን ክፍላችን ቢውሉ እንዲህ ባልጻፉ ነበር።

ድሬ ውስጥ ትምህርት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይሰጣል። ወላጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚመርጠው የሚቀርበውን ትምህርት ቤት ነው፤ የዳቻቱን ወንዝ አቋርጦ ልጅ ማመላለስ ለማን ይመቻል? ስለዚህ በአንድ የአማርኛ ክፍል ውስጥ ቤቱ በሶማልኛ የሚያወራ፣ በኦሮምኛ የሚያወራ፣ በሐረሪ የሚያወራ ልጅ ተቀላቅሎ ይቀመጣል። ዘንድሮ አንድ ልጅ ሮቶው ጋ ውሃ ሊቀዳ ተሰልፎ ሳለ ሌላው ኩባያውን ነጠቀው። ልጁ የሚናገርበት ቋንቋ ስላልነበረው የነጣቂውን እጅ ነከሰ። እንዲህ ሲሆን በብዙ ክፍል ውስጥ መፍትሔው ኩርኩም ነው። እኔ ሁለቱንም ጥላው ሥር አስቀምጬ ሶማልኛ የምትችል ሌላ ልጅ አስተረጎመችልን፤ ምን እንደተሰማው አስነገርነው፣ ነጣቂውም ኩባያውን በእጁ እንዲመልስ አደረግን፣ «ተራዬ ነው» ማለትንም ሁለቱም ተለማመዱ። ዛሬ ክፍሉ በሙሉ «ተራዬ ነው» እያለ ይጋፋል። መጋፋቱ አልቀረም፤ መናከሱ ግን ቀርቷል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከሃምሳ የሚበልጡት ሌሎች ልጆች ክፍል ውስጥ ያለ ጠባቂ ነበሩ። ስመለስ ጠመኔው ተሰባብሯል፣ ሁለት ልጆች ያለቅሳሉ፣ የዕለቱ ፊደልም ለነገ ተላለፈ። እንግዲህ ጸሐፊው ለፊደል ይዋል ያሉት ሰዓት የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። የፈራ፣ የተናደደ ወይም እናቱን የናፈቀ ልጅ ፊደል አይገባውም። የተራበውማ አይነሳ! ምገባ በሌለበት ልጅን ረጋ በል ማለት ቀልድ ነው።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የተጠበቁ እንዲሆኑ ደንግጓል። እሰየው ነው። ሕጉ ዱላውን ሲከለክል ግን በዱላው ፈንታ ምን እናድርግ የሚለውን ቁጭ ብሎ ያሳየን የለም። ብዙዎቻችን እየተኮረኮምን ነው ያደግነው፣ ሥራውንም ስንጀምር የምናውቀው ያንኑ ነበር።

የቤተሰቡን ነገር ካነሳን፣ እናት ከንጋት ጀምራ ቀፊራ ገበያ ትውላለች፣ አባት ባጃጅ ላይ ነው። እናታቸው ዓረብ አገር ሄዳ ከአያት ጋር የሚያድጉም በየክፍሉ አሉ። ቀድሞ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ልጅ ይገስጽ ነበር፤ ዛሬ የሰው ልጅ ብትገስጽ ጠብ ይዘህ ነው የምትመለሰው። ታዲያ ለዚህ ቤተሰብ «ፋንታህ ነው» ብሎ መተው ምን ይጠቅማል?

ወረቀቱ ላይማ ችግር የለም። የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በ2002 ዓ.ም. ባወጡት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ውስጥ ማኅበራዊና ስሜታዊ ዕድገት፣ ማለትም ልጅ ስሜቱን መግዛትና ከሌሎች ጋር መግባባት መቻሉ፣ አለ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት ትምህርት አስቀምጧል። የጎደለው ገንዘቡ ነው፤ እሱም ቢሆን ሲመጣ የሚሄድበት መንገድ ያሳስበኛል። የትምህርት በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። ከዚያ የተረፈው ለጠመኔ፣ ለጥገና፣ ለቀለም ይሆናል። «ትምህርት ለትውልድ» በተባለው ንቅናቄ ብዙ ትምህርት ቤቶች ታድሰዋል፤ ግንቦት ላይ በጋለ ቆርቆሮ ሥር ያስተማረ ሰው ይህን አይንቅም። ግን ግድግዳ ላይ የተሣለ ቀጭኔ ለጎብኚ ይታያል፣ ፎቶም ይነሳል። ልጅን ማባበል የምታውቅ መምህርት ፎቶ ላይ አትታይም፣ በጀት ሲደለደልም የሚያስታውሳት የለም።

ሥልጠና ተሰጥቷል የሚል ይኖራል። አንድ ጊዜ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበን ፓወር ፖይንት አይተናል፤ የውጭ ፓኬጅ እንደወረደ ተተርጉሞ፣ ሥዕሉ ላይ የበረዶ ሰው ሳይቀር። ድሬ ላይ በረዶ! አበላችንን ፈርመን ተመለስን፤ ክፍላችን መጥቶ ያየን ግን የለም።

የሌላውን አገር ልምድ ላንሳ። አሜሪካ ለድሃ ቤተሰብ ልጆች እ.አ.አ. በ1965 በጀመረችው ሄድ ስታርት በተባለው የመንግሥት ፕሮግራም ውስጥ ማኅበራዊና ስሜታዊ ዕድገት ከአምስቱ ዋና ዋና የትምህርት ዘርፎች አንዱ ነው፤ ማለትም በጀቱ ከፊደሉ ጋር አብሮ ይይዘዋል። ለእኛ የሚቀርበው ግን የጃማይካው ነው። እዚያ እ.አ.አ. በ1980ዎቹ 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። የጤና ሠራተኞች ከሕፃናቱ የተወሰኑት ቤት ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ እየሄዱ፣ እናትየው ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምታወራ ያሳዩ ነበር፤ መጫወቻዎቹ ቤት ውስጥ ከሚገኝ ነገር የሚሠሩ ነበሩ። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች ካልተጎበኙት አቻዎቻቸው 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ያገኙ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ የተሠራውም ቤት ለቤት እንጂ ክፍል ውስጥ አይደለም። ድሬ ላይም ልክ እንዲሁ ይሆናል ብዬ አልምልም። ቢሆንም ውድ ዕቃ እንደማይጠይቅ፣ የሚከፈለው ለሚሄደው ሰውና ለሚከታተለው ሰው እንደሆነ ያሳያል።

የከተማ አስተዳደሩ ምክር ቤት የ2019ን በጀት ሲመለከት የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለልጆች ማኅበራዊና ስሜታዊ ዕድገት ሥራ የራሱ የበጀት ኮድ ይሰጠው፤ «ሥልጠና» በሚለው ውስጥ ከገባ ለሻይ ቡና እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ገንዘብ ላይ በመጀመሪያ ለየኦ ክፍሉ አንድ ረዳት ትቀጠር፤ ከሰፈሩ፣ የልጆቹን ቋንቋ የምትችል፣ ዲግሪ የማይጠየቅባት። ሥልጠናው የአካባቢው ትምህርት ቤቶች በጋራ ወደሚጠቀሙበት የጉድኝት ማዕከላችን ይምጣ፣ በተከታታይ ሙያ ማሻሻያው ውስጥ ይካተት፣ ልምድ ያላት መምህርት በየወሩ ክፍላችን ገብታ ትየን፣ ትንገረን። ሱፐርቫይዘሩም ሲመጣ የትምህርት ዕቅዴን ብቻ አገላብጦ አይሂድ፤ ልጅ ሲያለቅስ ምን እንደማደርግ ይመልከት። ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለም በየሩብ ዓመቱ ለወላጅ መምህር ኅብረቱ ይነገር፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይም ይለጠፍ።

አንዲት የኦ ክፍል መምህርት
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ