ባይኖኩላር ወደ ፀሐይ አይዞርም

ለምወድህ ልጄ፣

እህትህ ደውላ ነገረችኝ። ጭልፊቱን በባይኖኩላር ስትከተል ፀሐይዋ ጋ ሊደርስ ሲል እንኳ አልተውከውም አሉ። በእሷ እንዳትቆጣ፤ ስለሰጋች ነው። ባይኖኩላር ወደ ፀሐይ አይዞርም። ሬቲና፣ ማለትም በዓይንህ ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ሕመም አይሰማውም፣ ሲቃጠል አታውቀውም፤ የምታውቀው ቆይቶ፣ ከምታየው ነገር መሃሉ ሲደበዝዝብህ ነው። የፀሐይ መነጽርም አያድንህም።

በመፀው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቶሎ ዝቅ ትላለች። ማሳው ዳር እንደደረስክ ለፀሐይዋ ጀርባህን ስጣት፣ ፊትህ ወደ ምሥራቅ ይሁን። ያኔ ላባው ፈክቶ ይታይሃል፤ በወዲያኛው በኩል ከቆምክ ግን ወፉ ሁሉ ጥቁር ነው።

የአክስትህ ባይኖኩላር 8×42 ነው፤ 8 ጊዜ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 42 ሚሊሜትር ነው። ለራስህ ዓይን ሳታስተካክል አትውጣ። ቀኝ ዓይንህን ጨፍነህ በመሃለኛው ማዞሪያ አንድ የአጥር እንጨት ጥርት ብሎ እስኪታይህ አስተካክል። ከዚያ ግራህን ጨፍነህ ያንኑ እንጨት በቀኙ ዓይን ማያ ላይ ባለው ቀለበት እንዲሁ አስተካክል። ከዚያ ወዲያ ቀለበቱን አትንካው። ወፍ ስታይ ዓይንህን ሳትነቅል ባይኖኩላሩን ወደ ዓይንህ አምጣው፤ ጎንበስ ብለህ ከፈለግከው ወፉ ሄዷል።

በዚህ ወቅት ቀለም አትመን። የዘንድሮዎቹ ጫጩቶች ገና የወላጆቻቸውን ላባ አልያዙም፣ ብዙ ወንዶችም የመራቢያ ጊዜ ላባቸውን ጥለው ደብዝዘዋል። መንቁሩን፣ የጅራቱን ርዝመት፣ የክንፉን አመታት ተመልከት፤ ድምፁንም ስማ። አያትህ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ በድምፅ ብቻ ነው የሚለዩት። አንተ ነፍስ ሳታውቅ ዓይናቸው መድከሙ ይቆጨኛል፤ ጅራቱን ብቻ አይተው ስም የሚጠሩ ሰው ነበሩ። አሁንም ቢሆን አጠገባቸው ተቀመጥና ዝም ብለህ አዳምጥ።

የታጨደ ማሳ ላይ መንጋ ሲለቅም ካገኘህ አንድ በአንድ አትቁጠር። አሥሩን ቁጠር፣ አሥሩ የያዙትን ቦታ በዓይንህ ለካ፣ በዚያ ልክ መንጋውን ሸንሽነው። ድንገት ሁሉም ብድግ ካሉ ጭልፊት መጥቷልና ሽቅብ ተመልከት፤ በባዶ ዓይንህ ግን! ዙሩ ወደ ፀሐይ የሚጠጋ ከሆነ ባይኖኩላሩን አውርድ፣ በወዲያ በኩል ይወጣልሃል። ወደ ፀሐይ አይዞርም ብያለሁ።

ያልታጨደ ሰብል ውስጥ አትግባ። የከብቶቹን በር እንዳገኘኸው ተው፦ ክፍት ከነበረ ክፍት፣ ዝግ ከነበረ ዝግ። ሌንሱን ደግሞ በሸሚዝህ ጫፍ አትጥረገው፤ የአጨዳ አቧራ ይጭረዋል። መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ አራግፈው።

እናትህ