የእማማ ቤት ከክረምት በፊት ቆርቆሮ ይልበስ! (የድጋፍ ጥሪ)

ሰላም ለሁላችሁ የሰፈር ልጆች፣ እዚሁ ጉለሌ ያላችሁም ቨርጂኒያ፣ ሪያድ፣ ቴላቪቭ የገባችሁም። ብዙ ሳላዞር ልናገር፣ የእማማ ቤት ጣሪያ አልቋል። ያለፈው ክረምት ሳሎኑ ውስጥ ባልዲ ተደርድሮ ነው ያለቀው፣ ከበረንዳው በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ደግሞ ሆዱ ወጥቷል፣ ሳይጠገን ሐምሌ ከገባ ይቆማል ብሎ የሚምል አናጢ አላገኘንም። ስለዚህ ገንዘብ እየሰበሰብን ነው፣ ለምን ለዚህ ቤት እንደሆነ ለማያውቁት ልጆች ግን ትንሽ ላውራ።

አንዳንዱ "ጭቃ ቤት ምን ታሪክ አለው" ይላል። ቤቱ ከጣሊያን በፊት የተሰራ ነው፣ ቋሚዎቹ ደግሞ ጥድ ናቸው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ከተቆረቆረች በኋላ የአካባቢው ጥድና ወይራ ለቤትም ለማገዶም እየተባለ ተጨፍጭፎ እንጨት ከመጥፋቱ የተነሳ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዞሩት አስበው ነበር፣ ከውጭ የመጣው ባህር ዛፍ ነው ያተረፋት። ከዛ ወዲህ የከተማው ጭቃ ቤት ባብዛኛው በባህር ዛፍ ቆመ፣ ባህር ዛፍ ደግሞ ምስጥ አይምረውም፣ መሬት የገባው ጫፉም ቶሎ ይበሰብሳል። የእማማ ቤት ጥድ ግን እስካሁን አለ። አናጢው ባለፈው አንዱን ቋሚ ፋቅ ፋቅ ሲያደርገው ውስጡ ቀይ ነው፣ ሽታው ራሱ አልጠፋም፣ ሁላችንም ተራ በተራ አሸተትነው።

እማማ እንደሚያወሩት አባታቸው ሳሩን አንስተው ቆርቆሮ ያለበሱት ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው፣ ያኔ ጎረቤቱ "ገንዘብ አንገበገበው" ብሎ አምቷቸው ነበር አሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወርውሮ ከተማው ሦስት ቀን ሲጨፈጨፍ ጥቁር ሸሚዞቹ (የፋሺስት ጣሊያን ሚሊሺያዎች) ሳር ቤቱን ከነሰዉ ነበር የሚያቃጥሉት፣ ያማው ጎረቤት ከነልጆቹ እዚሁ ቤት ጓዳ ውስጥ ተሸሽጎ ነው የተረፈው።

እኔ የቤተሰቡ ልጅ አይደለሁም፣ ከጓሮ ያለው የቀበሌ ሰርቪስ ልጅ ነኝ። በሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ስለተፈቀደ እማማ ትልቁን ቤት ይዘው የሚያከራዩዋቸው ሰርቪሶች ተወረሱ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች ስለነበር ለቀበሌ ተሰጡ፣ ወላጆቼም ገቡበት። ቤቱን የተወረሰ ሰው በቤቱ የገባበትን ሰው ቢጠላ ማን ይፈርዳል? እማማ ግን ለእናቴ መጀመሪያ የሰጧት ምጣድ ነው፣ እስክትገዛ ብለው፣ እሷም ሳትገዛ ቀረች። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ሳሎኑ ማስተማሪያ ሆነ፣ እናቴ ሀ ሁ የቆጠረችው እዛ ነው፣ ከጎኗ የተቀመጡት ሴቶች ግማሾቹ የዛሬ አንባቢዎቼ እናቶች ናቸው። የእድሩ ድንኳንና ብረት ድስት እስካሁን የሚቀመጠው በረንዳው ጥግ መሆኑን ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ታዲያ የማን ቤት ነው? በወረቀት የእማማ ልጆች ነው፣ እነሱም አልካዱንም፣ ላለመሸጥ ተስማምተው ፈርመዋል፣ ሳሎኑ ለእድሩ ስብሰባና ለልጆች ማንበቢያ እንዲሆን ፈቅደዋል።

አሁን ወደ ስራው። ግድግዳውን የጎዳው እርጅና ሳይሆን ሲሚንቶ ነው። ፊት ለፊቱ ዘመናዊ ይምሰል ተብሎ በሲሚንቶ ተለስኗል፣ ሲሚንቶ ደግሞ ከጭቃ ጋር አይስማማም፣ ትንሽ ስንጥቅ ካገኘ ውሃ ይገባል፣ የገባው ግን መውጫ የለውም፣ ከኋላ ያለው ጭቃ እየራሰ ማገሩን ይዞ ይንሸራተታል። የተነፋውን ቦታ ትንሽ ስንከፍተው ከሲሚንቶው ስር አረንጓዴ የዘይት ቀለም፣ ከሱ ስር የተለጠፈ አዲስ ዘመን ጋዜጣ፣ ከሱ ስር ኖራ፣ ከዛ ጭቃው ከነጭዱ። የጤፉ ጭድ አሁንም ቢጫ ነው! ስለዚህ ሲሚንቶው ይነሳል፣ የበሰበሰው ማገር ይቀየራል፣ በጭቃ ተመርጎ በኖራ ይለቀለቃል። "አፍርሳችሁ በብሎኬት ብትሰሩት አይሻልም?" የሚል ሰው አይጠፋም፣ ይሻለው ይሆናል፣ ግን እሱ ሌላ ቤት ነው።

የሚያስፈልገን በቅደም ተከተል ቆርቆሮ (ባለ 28 ጌጅ፣ ስሱን አታምጡብን)፣ አሸንዳ፣ ውሃውን ከመሠረቱ የሚያርቅ ቦይ፣ ከዛ ጭድ፣ ኖራ፣ ምስማርና የአናጢና የመራጊ ቀን ሂሳብ። የብር ድምር ያልጻፍኩት ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ነው፣ አንድ ቆርቆሮ የቻለ አንድ፣ አስር የቻለ አስር፣ ያልቻለ አንድ ጆንያ ጭድ። አካውንቱ በእድሩ ስም ነው፣ በሦስት ሰው ፊርማ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ቁጥሩን የፈለገ ከእድሩ ጸሐፊ ይውሰድ፣ ደረሰኝ ሳይቀበል የሚሰጥ ሰው ግን እኛንም ያስቸግረናል፣ እባካችሁ ተቀበሉ። የተገዛው ሁሉ በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። በ2016 ፒያሳ እንዴት እንደፈረሰ አይተናል፣ "ነገ ለልማት ቢነሳስ ብራችንን ጭቃ ላይ አፍስሰን ልንቀር ነው?" ብላችሁ የጠየቃችሁ አላችሁ፣ ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። በቅርስነት እንዲመዘገብ ማመልከቻ ገብቷል፣ መልስ ገና ነው፣ አይነካም ብዬ ቃል አልገባም። ቦታው ለልማት ከተፈለገ ያልወጣው ብር ለእድሩ ይገባል፣ ቆርቆሮውና ጥዱም ተነቅሎ ይቀመጣል፣ ይሄም በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ዝም ብለን ብንጠብቅ ግን ልማቱን ቀድሞ ዝናቡ ይጥለዋል።

የጭቃው ስራ በጋውን ማለቅ አለበት፣ እርጥብ ግድግዳ ላይ ዝናብ ከመጣበት ድካም ብቻ ነው። አፈሩ ከግቢው ተቆፍሯል፣ ጭዱ እንደመጣ ይረገጣል፣ ለቀናት ውሃ እየጠጣ ይቦካል፣ ከዛ ደግሞ ይረገጣል፣ መራጊው ሽማግሌ አሽትተው ደረሰ ካላሉ ማንም አይነካውም፣ ያልቦካ ጭቃ እንደደረቀ ይሰነጠቃላ። ብር የሌለው እግር ያምጣ። ረገጣው እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ነው፣ በባዶ እግር ነው፣ ቦት ጫማ አይሆንም፣ ጠላና ቆሎ የእድሩ ሴቶች ችለዋል፣ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ፣ ልብሳቸው ግን አሮጌ ይሁን።