ለጽዋ ማኅበራችን አባላት፦ ለልደት ስንዘጋጅ

እግዚአብሔር ለበዓለ ልደቱ በሰላም ያድርሰን። ኅዳር 15 የጀመርነው ጾመ ነቢያት ሊፈታ ነው፤ ገበያውና የዶሮ ዋጋው ልባችንን ሳይወስደው ጥቂት እናስታውሳችሁ።

በላሊበላ ቤተ ማርያም ካህናቱ ከላይ በአለቱ ዙሪያ፣ ሌሎቹ ከታች ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ ላይኞቹ የመላእክት፣ ታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ቃሉ የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ ይላል። «ዛሬ» የሚለውን ልብ በሉ። ጌታ የተኛው በከብቶች ግርግም ነው፤ እኛስ ቤታችንን ስንጠርግ ልባችን ውስጥ ቂም አስቀርተን አይደለም?

ስለዚህ የተጣላ ሰው ከገሃድ፣ ማለትም ከበዓሉ ዋዜማ፣ በፊት ይታረቅ። ንስሐ አባትን በዋዜማው መፈለግ አያዋጣም፣ ወረፋ ነው።

ቆራቢዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በሰዓት ነው። ከመቁረብ በፊት 18 ሰዓት መጾም ይገባል። ቅዳሴው በሌሊት ስለሆነ፣ ቁርባኑ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቢደርስ ቆጠራው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀምራል፤ በገሃድ ቀን 7 ሰዓት ላይ ምሳ የበላ 14 ሰዓት ብቻ ነው ያለው። ለሌሊቱ ብርድ ነጠላ አይበቃም፣ ጋቢ ደርቡ።

ከ43 ቀን ጾም በኋላ በባዶ ሆድ ዶሮ ወጥና ክትፎ መደራረብ ያሳምማል፤ በጥቂቱ ጀምሩ። እስላም ጎረቤቶቻችንን ስትጠሩ ደግሞ ዳቦውና ቡናው ይቅረብላቸው፤ ሥጋ ከታሰበ ከብቱን እነሱው ይረዱት፣ የወሎ ወጉም ይኸው ነው።