ሐውልቶቹ ቆመው ሳሉ ያየ ሠዓሊ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በፓስፊክ ውቅያኖስ ስላለችው ኢስተር ደሴት ባወጣችሁት ጽሑፍ የዊሊያም ሆጅስን ሥዕል አትማችሁ ከሥሩ «የድሮ ሥዕል» ብቻ ማለታችሁ ቅር አሰኝቶኛል። ሆጅስ ከእንግሊዛዊው የባሕር አሳሽ ከካፒቴን ኩክ ጋር ተጉዞ እ.ኤ.አ. በ1774 ደሴቲቱን የረገጠ ሠዓሊ ነው። ሞአይ የሚባሉትን ሐውልቶች ከነቀይ የድንጋይ ቆባቸው፣ በጥንታዊ መድረካቸው ላይ እንደቆሙ አሳይቶናል። ያኔም የወደቁ ነበሩ፤ በ1860ዎቹ መጨረሻ ግን በመድረክ ላይ የቆመ አንድም አልቀረም። ዛሬ በመድረክ ላይ ቆመው ጎብኚዎች ከፊታቸው ፎቶግራፍ የሚነሡት በ20ኛው መቶ ዘመን መልሰው የተተከሉትን ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ምስክር ለገጽ ማስጌጫ ብቻ ይውላል?

እርግጥ ነው፣ ምስክሩንም መመርመር ያስፈልጋል። የዘይት ቀለም ሥዕሉን የሠራው ወደ ለንደን ከተመለሰ በኋላ ነው። ያ የከበደ ሰማይና ከፊት የሚታየው የራስ ቅል፣ የዘመኑን ተመልካች ለማስደመም የታሰቡ ይመስሉኛል። የሐውልቶቹን አቋም ግን አምነዋለሁ።

ወደፊት እንዲህ ያለ ሥዕል ስታትሙ የሠዓሊውን ስም፣ ዘመኑንና የት ተቀምጦ እንደሣለው ብትጽፉልን። ለዚህ ሁለት መስመር ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ